መዝገቡን የያዘው ሰውዬ

የዛሬው ወጋችን ስለ ማዳበሪያ ነው። እባካችሁ እንዳትሸሹ። እኛም እንደ እናንተው የከተማ ልጆች ነን፤ ጥቁሩ ማዳበሪያ ዳፕ፣ ነጩ ዩሪያ መሆኑን ያወቅነው ትናንት ነው ቢባል ይቀላል። ጋዜጠኝነት ስንማር የጻፍነው አንድ የልምምድ ዜና ትዝ ይለናል። «ለዘንድሮው የመኸር እርሻ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ለአርሶ አደሩ ተሰራጨ» የሚል ነበር። ተሰራጨ! ማን አሰራጨው? ለማን? ሳይደርሰው የቀረስ ማን ነው? መምህራችንም አልጠየቁን፣ እኛም አልጠየቅን። ዜናውን ላነበበው ሰው ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወደብ በገዛ እግሩ ተነሥቶ፣ መንገድ ሳይጠፋው ቡሬ የገባ ነው የሚመስለው።

ጥያቄውን ያስጀመሩን አያታችን ናቸው። አባባ የሚኖሩት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ተሂዶ፣ ማንኩሳ አካባቢ ተወርዶ በእግር ወደ ውስጥ በሚገባበት አንድ ቀበሌ ነው። (አዎ፣ ያችው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳ፣ የበዛብህ አገር።) የቀበሌውን ስም አንጠራም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ልንጠይቃቸው ሄደን «አባባ፣ በቆሎው እንዴት ነው ዘንድሮ?» አልናቸው።

«ማዳበሪያ ላገኘ ሸጋ ነው።»

«እርስዎ አላገኙም እንዴ?»

«እኔማ ቢሮክራት አይደለሁ?» ብለው ሳቁ።

ቢሮክራት! ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ ጠምደው ያረሱ፣ ቢሮ የሚባል ነገር ቆመው ካልሆነ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው። ቀልድ መስሎን አብረን ሳቅን። አያታችን የሳቁት ግን በሌላ ነገር ኖሯል።

አራት ጥማድ

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም. የገጠር መሬት እንደገና እንዲደለደል አዋጅ ቁጥር 16ን አወጣ። ድልድሉ የተካሄደው ኢሕአዴግ ከ1983 ዓ.ም. በፊት በትጥቅ ትግል ላይ ሳለ ይዞ መሬት ባላከፋፈለባቸው አካባቢዎች ነው፤ ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ከዋናዎቹ ነበሩ። የመሬት ድልድል ስንባል እኛ የከተማ ልጆች ቶሎ የሚመጣልን ሒሳብ ነው፦ ይህን ያህል ሄክታር ለዚህን ያህል ቤተሰብ ሲካፈል። እዚህ ግን ከሒሳቡ በፊት ሌላ ነገር ነበር። ገበሬው በፖለቲካ ታሪኩ ተከፈለ። ተራው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር መያዝ ሲፈቀድለት፣ «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብሎ የተፈረጀው ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። አንድ ሄክታር በጎጃም ልኬት አራት ጥማድ ነው። «ቢሮክራት» የተባለውም በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ ወይም ሌላ ተመራጭ ሆኖ የሠራ ገበሬ ነው። ቢሮክራቱም እንደ ሌላው ሞፈር ተሸካሚ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። ድልድሉ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችን፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን፣ ባል የሌላቸውን ሴቶች መሬት አስገኝቷል። ከአባባ ጎን የምትኖር አንዲት እናት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆነ መሬት ያገኘችው በዚያ ዓመት ነው፤ እሷ ስለ 1989 ስታወራ ፊቷ ይበራል። ያገኘችው ሁለት ጥማድ ከአባባ የተቆረሰ ነው። ሁለቱ እስከ ዛሬ ቡና ይጠራራሉ። እኛ ግን እንዴት እንደሚችሉበት አናውቅም።

ጎጃም ውስጥ ገመድ ይዞ መሬት ለመለካት መምጣት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታሪክ የተማረ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የጃንሆይ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲጥል ጎጃም ያመፀው በግብሩ ብቻ አይደለም፤ ግምት ከመጣ ልኬት ይከተላል፣ ልኬት ከመጣ ርስታችን ይሄዳል በሚል ፍርሃትም ጭምር ነው። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ የሆነው ሌላ ነው። ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነሱን ደግፈው ሰልፍ ወጡ፤ ታሰሩም። ኖርዌጂያዊው የታሪክ ምሁር ስቬይን ኤግ በዚያው ዓመት ስለ ድልድሉ መጽሐፍ የሚያህል ጥናት አወጣ። ድልድሉ ግን አልቆመም። አባባ በዚያን ጊዜ ስድስት ልጅ ነበራቸው፤ የቀራቸውም አራት ጥማድ ነው።

«ከስብሰባው ውጣ አሉኝ» ይላሉ። «አንተን የሚመለከት ስብሰባ ስለሆነ አትቀመጥም አሉኝ።»

ይህን ስንሰማ ደማችን ፈላ፤ ወዲያው «የተበደለው አያታችን» የሚል ጽሑፍ በጭንቅላታችን መጻፍ ጀመርን። አባባ ግን በዚያው ምሽት፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ጽሑፉን አበላሹብን።

ከእሳቸው በፊት

አባባ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ የሆኑት ማንበብ ስለቻሉ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ቶሎ ፊደል ከለዩት መካከል ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ያማረ ስለሆነ መዝገቡን ያዙ ተባሉ። መዝገቡ ውስጥ ምን ይጻፍ ነበር? የኮታ እህል። ማን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ስንት ኩንታል እንደሚያስገባ፣ ያውም ከገበያ በታች በሆነ የተወሰነ ዋጋ። ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን ይሞላ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝርም እዚያው መዝገብ ላይ ነው። የማዳበሪያም።

የደርግን ዘመን የማዳበሪያ አሰጣጥ ብዙ ሰው ረስቶታል። ቅድሚያው ለመንግሥት እርሻዎች ነበር። ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ያለው ብር ሸለቆ ከእነዚህ አንዱ ነው (በኋላ የወታደር ማሠልጠኛ የሆነው)። ከዚያ ቀጥሎ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይመጣሉ፤ እነዚህ መሬታቸውንና በሬያቸውን አዋህደው በጋራ የሚያርሱ ናቸው። የተሻለው መሬት፣ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ የግብር ቅናሹ የእነሱ ነበር። ማኅበር አልገባም ብሎ በግሉ የሚያርሰው፣ ማለትም አብዛኛው ገበሬ፣ የተረፈውን ይጠብቃል። መጋቢት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ማኅበራቱ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰው በውዴታው ገብቶበት ቢሆን እንዲህ ባልፈጠነ።

«ማኅበር ያልገባውን ሰው ስም ከታች እጽፍ ነበር» አሉ አባባ። «ማዳበሪያው እታች ሳይደርስ ያልቃል። ይህን እያወቅሁ እጽፋለሁ።» ዝም አሉ። ቀጥለውም የውትድርናው ዝርዝር ሲጻፍ የወንድማቸውን ልጅ ስም ዘልለው የሌላ ሰው ልጅ ስም እንደጻፉ ነገሩን። የዚያ የሌላው ሰው ልጅ አልተመለሰም። በ1989 ከስብሰባው ውጣ ካሏቸው ሰዎች አንዱ አባቱ ነበሩ።

እንግዲህ ምን ትላላችሁ? እኛ ያን ሌሊት ብዙ አልተኛንም። የአያታችንን በደል ለመጻፍ የሄድን ሰዎች የአያታችንን መዝገብ ይዘን ተመለስን። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የገባን፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ርዕዮት ተለወጠ፣ ገበሬውም «አርሶ አደር» ተባለ። መዝገቡ ግን በአንድ ሰው እጅ መሆኑ አልተለወጠም።

ጆንያውና ዕዳው

ስለ ገጠር እርዳታና ስለ ፖለቲካ ሲነሣ ከተማ ውስጥ ቶሎ የሚታሰበው ስንዴና ሴፍቲኔት ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በዋናነት እህል ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው፤ ከአማራ ክልል በአብዛኛው ምሥራቁን ይመለከታል። ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች ነው ተብሎ የተመደበ አገር ነው። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ወንበርማ፣ ደምበጫ የበቆሎና የስንዴ አገር ናቸው። እዚህ የመንግሥት እጅ የሚታየው በማዳበሪያ፣ በምርጥ ዘርና በብድር ነው። ዱቄት ስለማይታደል ውጭ ላለ ሰው እርዳታ አይመስልም። ገበሬው ይገዛዋል፣ በዱቤ ይወስደዋል፣ ከነወለዱ ይከፍለዋል። ታዲያ አድልዎው የት ላይ ነው?

ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለው ድርጅት (ኖርማን ቦርሎግና ጂሚ ካርተር ያሉበት) በግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ መሬት ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬዎች መስጠት ጀመረ። በቆሎው ጉድ የሚያሰኝ ምርት ሰጠ። መንግሥት በ1987 ዓ.ም. አሠራሩን የአገሪቱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። ችግሩ ግማሽ ሄክታሩ ነው። አራት ጥማድ ያለው ሰው ሁለቱን ጥማድ ለሠርቶ ማሳያ ከሰጠ ጤፉን፣ ዳጉሳውን፣ የከብቱን ግጦሽ በቀረው ሁለት ጥማድ ላይ ሊያብቃቃ ነው። አስራ ሁለት ጥማድ ያለው ግን ምን ቸገረው! ስለዚህ በ1989 በፖለቲካ ታሪኩ መሬቱ የተቆረሰበት ሰው፣ ማንም «አንተ አይፈቀድልህም» ሳይለው፣ ከማዳበሪያው ሰልፍ ራሱን ያወጣል።

ቀጥሎ ብድሩ። ማዳበሪያው የሚሰጠው በዱቤ ነበር፤ የክልሉ መንግሥትም በበጀቱ ዋስ ይሆናል። ገበሬው ካልከፈለ ክልሉ ከፌዴራል ከሚመጣለት ገንዘብ ይቆረጥበታል። ክልሉ ወረዳውን ይይዛል፣ ወረዳው ቀበሌውን ይይዛል፣ ቀበሌው ገበሬውን። መጀመሪያ ላይ የግል ነጋዴዎች ማዳበሪያ ያስመጡና ይሸጡ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከገበያው ወጡ። የቀሩት የመንግሥቱ ድርጅትና ለየክልሉ ገዢ ፓርቲ ቅርብ የሆኑ ኩባንያዎች ናቸው። በእኛ ክልል አምባሰል ነበር፤ አምባሰል የጥረት፣ ጥረት ደግሞ የብአዴን ወዳጅ። በኋላ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ገቡበት፤ በፍኖተ ሰላም ዳሞት ዩኒየን እንዳለው ማለት ነው።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ሻጩ ለፓርቲው ቅርብ፣ ዋሱ ፓርቲው የሚመራው ክልል፣ ተበዳሪውን መርጦ ስሙን የሚጽፈው ፓርቲው የሚመራው ቀበሌ፣ ዕዳ ሰብሳቢውም ያው ቀበሌ ከነሚሊሻው። ከአንድ ሱቅ ገዝታችሁ፣ ባለሱቁ ዳኛም ፖሊስም ሆኖ ቢመጣባችሁ ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ የማንረዳው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ፦ አድልዎው ሁልጊዜ መከልከል አይደለም። በአንዳንድ ዓመት ችግሩ ማዳበሪያ ማጣት ሳይሆን አልወስድም ማለት አለመቻል ነው። ቀበሌው ይህን ያህል ኩንታል አሰራጭ የሚል ዕቅድ ይመጣለታል፤ ዕቅዱ መሞላት አለበት። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሞላ ፈሰሰ፣ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ማሳው ላይ ትቶት የሄደ ገበሬ ሁሉ ነበር። የማዳበሪያው ዕዳ ግን እንደ በቆሎው አልረከሰም። ዕዳ ለመክፈል በሬ ተሸጠ፤ መክፈል ያቃተው ታሰረ። (ዓመት ሳይሞላ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ መጥቶ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ቡሬ ላይ በቆሎ የሚገዛው ያጣ ገበሬ ይህን በሬዲዮ ሲሰማ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው።)

በዚያ ክፉ ዓመት መዝገቡን የያዘው ሰው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። ለወዳጁ «ዘንድሮ አልወስድም» ማለትን ይፈቅድለታል፣ ዕዳውንም ለከርሞ ያሸጋግርለታል። ለሌላው ደግሞ ሁለት ኩንታል አሸክሞት መጋቢት ላይ በሩን ያንኳኳል። አባባ በዚያን ጊዜ አንድ በሬ ሸጠዋል። ሌላው ቀርቶ ማዳበሪያውን አልጠየቁም ነበር። በመልካሙ ዓመት፣ ሁሉም ሰው ማዳበሪያ ሲሻማ፣ ስማቸው ከታች ነው። ከታች መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከግንቦት 1997 በኋላ

ግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተደረገ። ቅንጅት በከተማ ብቻ ሳይሆን በአማራ ክልል ገጠርም ብዙ መቀመጫ አገኘ። ኢሕአዴግ «የእኔ ነው» የሚለው ገበሬ በድብቅ ሌላ ሳጥን ውስጥ ወረቀት መክተቱ አስደነገጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በአኀዝ ማየት ይቻላል። በምርጫው ጊዜ 760 ሺህ ገደማ የነበረው የፓርቲው አባል በ2000 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባላት እንዲኖራቸው ተደረገ፤ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ተቃዋሚዎች ያገኙት 3 ነው። ሦስት ሚሊዮን አላልንም። ሦስት።

እነዚህ አዲስ አባላት ከየት መጡ? ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሬኔ ለፎር በሰሜን ሸዋ ገጠር ተመላልሶ ያጠናው ይህን ነው። ፓርቲው ከምርጫው በኋላ ፊቱን ወደ «ሞዴል አርሶ አደር» አዞረ፤ ሠርቶ ወደሚያገኘው፣ በመንደሩ ወደሚደመጠው ገበሬ። ሞዴል የሆነ ሥልጠና ያገኛል፣ ምርጥ ዘሩ ቀድሞ ይደርሰዋል፣ ብድሩ ይቀለዋል። አባልም ይሆናል። አባል ስለሆነ ነው ሞዴል የሆነው ወይስ ሞዴል ስለሆነ ነው አባል የሆነው? መልስ የለውም፤ ጥያቄው ራሱ መልስ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። በየቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኞች ተመደቡ፤ በኋላም የልማት ቡድንና አንድ ለአምስት መጣ። አንዱ ሞዴል አምስቱን ይመራል። ስለ እርከን ሥራ የሚሰበሰቡት፣ ስለ ማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘገቡት፣ ስለ ምርጫ ካርድ የሚጠየቁት በዚያችው አምስት ውስጥ ነው።

ይህን የምንለው የልማት ሠራተኞቹን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ከእኛ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ነበሩ፤ ዲፕሎማቸውን ይዘው መብራት የሌለበት ቀበሌ ተወረወሩ። በቆሎ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ ሊያስተምር የሄደ ልጅ ዕዳ ሰብሳቢና የስብሰባ ጠሪ ሆኖ ቀረ።

ወረቀት የሌለው ነገር

ከምርጫው ቀውስ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና የሚሰጡትን ድጋፍ አቆሙ። ነገር ግን ትምህርትና ጤናው እንዳይወድቅ ብለው በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ መሪነት ሌላ ፕሮግራም ጀመሩ፤ ገንዘቡ ወደ ወረዳ ወርዶ የመምህራንን፣ የጤና ሠራተኞችንና የግብርና ባለሙያዎችን ደመወዝ የሚከፍል። ሐሳቡ ፌዴራሉን አልፎ ወደ ሕዝቡ መቅረብ ነበር። ገጠሩን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ኖሮ፣ የፓርቲው እጅ ከምንም በላይ የጠነከረው እዚያው ወረዳና ቀበሌ ላይ መሆኑን በነገራቸው።

ጥቅምት 2003 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ከ200 በላይ ሰዎችን በሦስት ክልሎች ውስጥ ባሉ 53 መንደሮች አነጋግሮ ሪፖርት አወጣ፤ አማራ ክልል አንዱ ነው። ተቃዋሚን ደግፈዋል የተባሉ ገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ ሴፍቲኔት፣ መሬት ሳይቀር እንደሚነፈጉ የሚገልጽ ነበር። መንግሥት አጣጣለው። አዲስ አበባ ያሉት ለጋሾችም በጋራ በሰጡት መግለጫ እርዳታው በሰፊውና በተደራጀ መንገድ ለፖለቲካ ውሏል በሚለው እንደማይስማሙ ገለጹ፤ ያስጠኑት ጥናትም የቁጥጥር ሥርዓቱ ደኅና መሆኑን ያሳያል አሉ። ያ ጥናት የተሠራው በዋናነት ሰነድ በማየት ነው። ይከተላል የተባለው፣ መስክ ወርዶ ገበሬውን የሚጠይቀው ምርመራ ቀረ።

እኛ ለጋሾቹ ዋሽተዋል አንልም። ያዩት ወረቀት ትክክል ሳይሆን አይቀርም። «እገሌ ቅንጅትን ስለመረጠ ማዳበሪያ አይሰጠው» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም የሚያደርግ የቀበሌ ሊቀመንበር የለም። ማዳበሪያው ወደ ቡሬ ገብቷል፣ ከመጋዘን ወጥቷል፣ የተቀበሉት ሰዎች ፈርመዋል። ሒሳቡ ይዘጋል። ያልተቀበለው ሰው በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም፤ ያልደረሰው ማዳበሪያ ደረሰኝ አይቆረጥለትም።

ሌላ አገር እንዴት ታወቀ? የሜክሲኮን ነገር እንውሰድ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሳሊናስ ፕሮናሶል የሚባል ትልቅ የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም ጀመሩ። በኋላ ተመራማሪዎች የየማዘጋጃ ቤቱን ገንዘብ ከየማዘጋጃ ቤቱ የምርጫ ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት፤ ገንዘቡ ድህነትን ብቻ ሳይሆን የድምፅ ሒሳብንም ተከትሎ እንደሄደ ታየ። ይህን ለማድረግ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ገዢው ፓርቲ የሚሸነፍበት ቦታ መኖር አለበት። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ። ሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ከመረጠ ምንን ከምን ታወዳድራለህ? መፈለጊያው መሣሪያ ራሱ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የሚቀረው የሰው አፍ ነው። ያንንም «ወሬ ነው» ብሎ መጣል ቀላል ነው።

በነገራችን ላይ ያ የሰው አፍ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በአባባ ቀበሌ ያነጋገርናቸው ሰዎች ሁሉ ያጡትን ሁሉ በፖለቲካ ነው የሚያመካኙት። ከእነሱ አንዳንዱ ያለፈ ዕዳውን ባለመክፈሉ የቀረበት ነው፤ አንዳንዱ ቅድሚያ ክፍያ አልነበረውም። አንድ ሰውዬ ከሊቀመንበሩ ጋር በድንበር መሬት የተጣላ ነው፤ ፓርቲ የሚባል ነገር በጠቡ ውስጥ የለም። የመዝገቡም ክፋት ይኸው ነው። ቂምን፣ ዝምድናን፣ ፖለቲካንና እውነተኛ ዕዳን በአንድ ዓይነት ቀለም ስለሚጽፍ፣ የተከለከለው ሰው በምን እንደተከለከለ አያውቅም። ስለማያውቅም ሁሉንም ይጠነቀቃል፤ ስብሰባ አይቀርም፣ መዋጮ አያስተርፍም፣ ምርጫ ሲመጣም ማንን እንደሚመርጥ ከማንም ጋር አያወራም።

እስከ 2015

ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ተተካ። የገበሬው አበዳሪ የነበረው አብቁተ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆነ። ማዳበሪያ የሚያስመጣው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፋ። በአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው ማዳበሪያ ስጡን አሉ፤ ዩኒየን መጋዘን ላይ የታጣው ጆንያ በጥቁር ገበያ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጥ ነበር። ያን ዓመት አድልዎው የፓርቲ ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም፤ እጥረቱ ለሁሉም ነበር። አንድ ነገር ግን በስልክ ሰምተናል። አባባ ያለው ቀበሌ ውስጥ ከመጣችው ጥቂት ማዳበሪያ ማን ስንት ኪሎ እንደሚያገኝ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። «መዝገቡ ማን ጋ ነው?» ብለን ጠየቅን። የሰጡን ስም በ1989 ወጣት የኮሚቴ አባል የነበረ ሰው ነው። ክረምቱ ሳያልቅ በክልሉ ጦርነት ሆነና ስለ ማዳበሪያ መጠየቁ ራሱ ቅንጦት መሰለ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልሄድንም።

ለመሰናበት ከመነሣታችን በፊት በ2014 ክረምት አባባ ከሣጥናቸው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አውጥተው አሳዩን። የአማራ ክልል ይህን ደብተር ለገበሬው መስጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የአባባና የእማማ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። እያንዳንዱ ማሳ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ተጽፏል። አፈሩ ለም ነው ወይስ መካከለኛ ወይስ ጠፍ፣ እሱም አለ። ስፋቱ ተደምሮ 1 ሄክታር ነው። ስፋቱ ለምን 1 ሄክታር እንደሆነ የሚገልጽ ቦታ ደብተሩ ላይ ስለሌለ ገልብጠን ገልብጠን ስንፈልግ አዩን።

«ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ምክንያቱን፣ አባባ።»

ደብተሩን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። «ጽሕፈቱ ሸጋ ነው» አሉ። «እኔም እንዲህ ነበር የምጽፈው።»